ጃኬትህን ያለበስሁት ጭድ

ውድ ወንዳወቅ፣

ሰላምታውን ለጊዜው ላቆየውና መጀመሪያ ልቆጣህ። ሰው አንድ ሙያ አስተምሮ ሲሄድ ጎዶሎውንም ይናገራል። እኔ ስለ ሠርቶ ማሳያ የማታውቀው ነገር የለም ብዬ የነገርኸኝን ሁሉ እንዳለ ተቀበልሁ፤ ይኸውና የሰቆጣ ሰው ገበያ መሀል እያስቆመ "እግዜር ያጥናሽ" ሲለኝ ሰነበተ። ይህን ለማን ላውራው? ለጓደኞቼ ብነግር "የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ጨርቋን ጣለች" ብለው ይስቁብኛል። ስለዚህ ለራስህ እጽፍልሃለሁ፤ የት እንደምልከው ግን አላውቅም።

ከሄድህ በኋላ የሆነውን አታውቅምና ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። ውጊያው ቀርቦ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ከአበርገሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች "ብቻቸውን መንገድ ላይ አልተዋቸውም" ብለህ ይዘሃቸው ወረድህ። ልጆቹ በደህና ገቡ። ወላጆቻቸው ሰንብት ቢሉህ እንቢ ብለህ ብቻህን ወደ ሰቆጣ እንደተነሣህ ነገሩን፤ ከዚያ ወዲህ ያየህ ሰው የለም። ስልኩ ሲከፈት ደወልንልህ፤ መንገዱ ሲከፈት ሰው ላክን። እናትህ እማማ ይታየሽ "አጥንቱን ሳላይ አላለቅስም" ብለው ሊያስተዛዝን የመጣውን ሁሉ ከደጅ መለሱ። እኔም ከእሳቸው አልተሻልሁም። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ ስምህን ጠርቶ "ነፍስ ይማር" ሲል ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ። አልሞተም የምንል ሁለት ሴቶች ብቻ ቀርተን ነበር፤ ከሁለታችን አንዳችን ያለቀስን ቀን አንተ አበቃልህ ማለት ነው። እኔ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

ትምህርት ሲከፈት የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ፣ ያንተው ክፍል፣ ለእኔ ተሰጠኝ። ከኮሌጅ እንደመጣሁ ሰሞን ያስተማርሁትን ታስታውሳለህ? ልብን ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ሥዬ፣ በጣም ኮርቼ፣ አንተ ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ አገጭህን ይዘህ ታየኝ ነበር። በማግስቱ ከልኳንዳ የበግ ልብ በፌስታል ይዘህ ገባህና አንድም ቃል ሳትናገር በምላጭ ከፈትኸው። ልጆቹ ወንበር እየዘለሉ መጡ። እኔም ዘልዬ መጣሁ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመን ነገርኸኝ፤ ከኋላ የተቀመጠው ካላየ ለፊተኞቹ ተጫወትሽ እንጂ አላስተማርሽም፤ ክፍል ከመግባትሽ በፊት ብቻሽን ሞክሪው፤ መጀመሪያ እጅሽ ይሥራ አፍሽ ዝም ይበል፣ ቀጥሎ እየተናገርሽ ድገሚው፣ በመጨረሻ የነሱ እጅ ይሥራው። "ነገር በምሳሌ" እያልህ ስታበዛብኝ "ጠጅ በብርሌውን ለእኔ አትንገረኝ" እልህ ነበር። ትስቅ ነበር። ሳቅህን ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ ሥራ አለብኝ።

የመጀመሪያ ርዳታ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ያንተ አቶ ጭዱ አልነበረም። ያ በጆንያ የሰፋኸው፣ ልጆቹ በየዓመቱ እግሩን የሚያስሩለት አሻንጉሊት፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘረፍ ከማይክሮስኮፑ ጋር ጠፋ። ማይክሮስኮፕ የወሰደውስ ይገባኛል፤ ጭድ የወሰደው ምን ሊሠራበት እንደሆነ አላህ ይወቅ። እንግዲህ አዲስ ልሥራ አልሁ። ከአንድ ገበሬ የጤፍ ጭድ ለመንሁ፤ ከጤና ጣቢያ የጎማ ጓንት ለእጁ አመጣሁ፤ ጭንቅላቱን ከአባቴ ሱቅ ቁርጥራጭ ሰፋሁ። የሚለብሰው ጠፋ።

እውነቱን ልንገርህ፤ የሚለብሰው አልጠፋም ነበር። የአባቴ የሚፍታሕ ሱቅ ያረጀ ሱሪ አይታጣበትም። አከራይህ ግን ክፍልህን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ልብስህን በማዳበሪያ ቋጥራ ለእኔ አምጥታልኝ ነበር፤ ለምን ለእኔ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቡናማ ጃኬትህንና ያችን ግራጫ ሱሪ አወጣሁ። ላይህ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሠራሁት በምሳ ሰዓት፣ በመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ነው። ጭዱን ስሞላ እጅጌው ክርኑ ላይ ያለውን እጥፋት እንደያዘ ነበር፤ አንተ ያጠፍኸውን እጥፋት። ጨርሼ ወንበር ላይ አስቀመጥሁትና መቀሱን ልፈልግ ዞርሁ። ፈልጌ ሳጣው "የት አደረግኸው?" ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄን ከሰማሁ በኋላ ነው የደነገጥሁት። በዚያው ቅጽበት ዘበኛው ጋሽ ዋሴ መጥረጊያውን ይዘው በመስኮቱ ሲያልፉ ቆም አሉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ "መምህር፣ እንኳን በደህና መጡ" ብለው እጅ ነሡ። መልስ ሲያጡ ጠጋ ብለው አዩ፤ አማተቡና ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ክፍል አልጠረጉም፤ እኔም ጥረጉ አላልኋቸውም።

ብቻዬን ሞከርሁት፤ እንዳልኸው። በማግስቱ ሁለት ልጆች ተሸክመውልኝ ክፍል ገባን። ተማሪዎቹ ተነሡ። ተማሪ ለመምህር ይነሣል፤ ይህ ምን ይደንቃል ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን ገና በር ላይ ነበርሁ፤ የተነሡት ለፊተኛው ነው። አንተን የሚያውቁት ተነሡ፤ አንተን አይተውህ የማያውቁት አዲሶቹም አይተዋቸው ተነሡ። "ተቀመጡ" ብላቸው ማንም አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ላይ እስካጋድመው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ። ጎበዝ፣ ዛሬስ ክፍሉን ያዝሁት ብዬ ለራሴ ተደሰትሁ።

የዚያ ቀን ትምህርት የቅልጥም ስብራት ነበር። ጣውላ ሲጠፋ የተሰበረውን እግር ከደህናው ጋር አጣብቆ ማሰር። ከአባቴ ሱቅ አቡጀዲ በቁመቱ ቀድጄ ይዣለሁ፤ ነጭ፣ አዲስ። ጠረጴዛውን ወደ መሀል አስገብቼ ሁሉንም በዙሪያው አቆምሁ፤ ከኋላ የሚቀር እንዳይኖር። ከዚያ ዝም ብዬ መሥራት ጀመርሁ። እግሮቹን አቃናሁ። መሀላቸው ፎጣ አስገባሁ። ከጉልበቱ በላይ አሰርሁ፤ ከጉልበቱ በታች አሰርሁ፤ ቁርጭምጭሚቱን አሰርሁ፤ በመጨረሻ ሁለቱን እግሮች ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ አጥብቄ አሰርሁ። አንድም ሰው አላሳለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ በማስተማር ዘመኔ አይቼ አላውቅም።

ቀና ስል ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ሴቶቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ዓይናቸውን መሬት ተክለዋል። ክብ ሠርተው ነበር ያቆምኋቸው፤ አሁን ክቡ ተከፍቷል፤ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ድረስ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀዋል። ያዘዛቸው የለም። ሰው ተሸክሞ የሚወጣ ያህል ሰፊ መንገድ ነው።

እኔም ሞኝ ነኝ፤ ሁለተኛውን ዙር እያስረዳሁ ደገምሁት፤ ቋጠሮው ለምን እንደማይንሸራተት፣ ፎጣው ለምን እንደሚገባ። ድምፄ ግድግዳው ላይ ደርሶ ይመለስብኝ ነበር። ከዚያ "በሉ፣ ማን ይሠራዋል?" አልሁ። ጥቂት ቆይታ እየሩስ ወጣች። እየሩስን ታውቃታለህ፤ የእናንተ መንደር ልጅ ናት፣ ከእናትህ አጥር ለአጥር። የተረፈውን አቡጀዲ አነሣች። እግሩን አልነካችም። የጓንቶቹን ሁለት አውራ ጣቶች ገጥማ በቀስታ ማሰር ጀመረች። "እየሩስ፣ እጁ አልተሰበረም" አልኋት።

"አውቃለሁ ቲቸር" አለች፤ ቀና አላለችም። "እግራቸውን አስረው እጃቸውን እንዴት ይተዉታል?"

ደወሉ ሲደወል ሁሉም በለቀቁት መንገድ ግራና ቀኝ እየሆኑ፣ መሀሉን ሳይረግጡ ወጡ። እየሩስን አስቀርቼ ጠየቅኋት፤ እሷም ልጅ ለትልቅ ሰው የታወቀ ነገር ሲያስረዳ እንደሚያፍረው እያፈረች ነገረችኝ። ክርስቲያን ሲሞት እግሩ ይቃናል፣ የእግሩ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ የእጁም እንዲሁ፤ ነጭ ጨርቅ ነው። አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው ደግሞ ልብሱን እንጨትና ጭድ ላይ አልብሰው፣ ምስሉን አቁመው ያለቅሱለታል፤ አሁን አሁን ቀርቷል እንጂ በነሱ ሀገር ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። እኔ በምን ልወቀው? የክርስቲያን ጎረቤት ለቅሶ ስደርስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው የምመለሰው፤ ግነዛ ቤት ማን ያስገባኛል። ስብራት አሳየሁ ብዬ አንተን በሰላሳ ልጆች ፊት ገነዝሁህ። በሥርዓቱ፣ ምንም ሳይጎድል፣ በዝምታ።

ወሬው በቅዳሜ ገበያ ወጣ። አባቴ ሱቅ በር ላይ የማላውቃቸው ሴቶች እጄን እየያዙ "የሞተ ተጎዳ፣ ምን ይደረጋል" ይሉኝ ጀመር። አባቴ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም አልሁት፤ ጭድ ነው። አባቴ ትኩር ብሎ አየኝና ጨርቁን መለካቱን ቀጠለ።

ላፈርሰው ብዬ መርጃ መሣሪያ ክፍሉ ገባሁ። እውነቴን ነው፤ መቀሱን ይዤ ገባሁ። ቋጠሮውን ፈታሁ፤ ጃኬቱን ከፍቼ ጭዱን ማውጣት ግን አቃተኝ። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ቆሜ፣ እንደገና ቆልፌለት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ክፍል ሳስተምር ከግድግዳው ወዲያ ኮሽ ይላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ኮሽ። ልጆቹ እስክሪብቷቸውን አቁመው ግድግዳውን ያያሉ። አይጥ ነው አልኋቸው፤ ጭድ ሲረግብ ድምፅ ያሰማል አልኋቸው። ማንም አልሳቀም፤ ኮሽታው እስኪቆም ጠብቀው ጽሕፈታቸውን ይቀጥላሉ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ግን ጠዋት በሩን ስከፍት በጀርባው ያስተኛሁት ሰው ፊቱን ወደ በሩ አዘንብሎ አገኘዋለሁ። ይህም ጭድ ሲረግብ ነው፤ ልበል።

ከዚያ እናትህ መጡ።

ከአጎትህ ከአቶ ገበያው ጋር በእግር ነው የመጡት፤ ረፋድ ላይ። ጋሽ ዋሴ ገና ሳይንኳኳ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። አቶ ገበያው ቸኩለዋል፤ ምስሉን ስጪን፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ለቅሶ እንጥራ፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ አሉኝ። እኔም ቁጣዬ መጣ። ይህ የመንግሥት ማስተማሪያ ነው፣ ውስጡ የጤፍ ጭድ ነው፣ ማንም አልሞተም ብዬ ጮህሁባቸው። ትልቅ ሰው ላይ መጮኼን ይቅር በለኝ። እናትህ ግን አልተቆጡም። "ክፈቺልኝ ልጄ፤ ልየው ብቻ" አሉኝ። ከፈትሁላቸው። ምን ላድርግ፣ እናት ናቸው።

ጠረጴዛው ራስጌ ቆመው በቋንቋችሁ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሉት፤ ግማሹን ሰምቻለሁ፣ አልጽፈውም። ከዚያ በመዳፋቸው ከእግሩ ጀምረው እየዳበሱ ወጡ። የአቡጀዲው ቁራጭ አጠገቡ ነበርና አነሡት።

"እግሩን ለምን አሰርሽው?"

"ቢሰበር ነው እማማ። እንዳይንቀሳቀስ። ቶሎ ከታሰረ ይድናል።"

ቁራጩን በመዳፋቸው አጠፉት። "እዚያ ቆላው ላይ ወድቆ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጎ የሚያስርለት ሰው አግኝቶ ይሆን?"

ወንዳወቅ፣ ምን ልበላቸው ነበር? አብረውህ የወረዱት ልጆች ሁሉ ማሰር ያውቁ ነበር፤ አንተው ነህ ያስተማርሃቸው። አንተ ግን ሁሉንም በየቤታቸው አስገብተህ ብቻህን ነው የተመለስኸው። ይህንን ነገርኋቸው፤ ልዋሻቸው አልቻልሁም። እናትህ ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸው ጃኬቱ ላይ ወጣ፤ ግራ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀኙን ዳበሱ፤ ወደ ግራው ተመለሱ። ጎንበስ ብለው በዓይናቸው አስተያዩት። ግራው ወርዷል። በሚገባ ወርዷል፤ እኔም ያኔ ነው ያየሁት።

"ትከሻውን ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም አልሁ። በልጅነትህ ከበቅሎ ወድቀህ ትከሻህ መውለቁን፣ ወጌሻው ዘግይቶ ደርሶ ሳይቃና መግጠሙን፣ አባትህም እንዳይታይብህ ሁልጊዜ የዚያን በኩል ልብስ በሁለት እጥፍ ጨርቅ ያስሰፋልህ እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "ለዚህ ነው ልጆቹን ማሰር ተማሩ፣ ማሰር ተማሩ የሚለው" አሉ። "አጥቤ ካሳደግሁት ከእኔና ከአባቱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። እናትህ ረጅም ጊዜ አዩኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም፤ አንተም አላየኸኝም።

"ለካ ታዪው ኖሯል" አሉ። "እንግዲያስ ነይ። ብቻዬን አላለቅስለትም።"

እዚያው፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ የያዙትን ለቀቁት። አቶ ገበያው ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ፤ ጋሽ ዋሴ በረንዳው ላይ አለቀሱ። በየክፍሉ መምህሩ ማስተማሩን አቆመ። በባጃጅ ነው የወሰድንህ፤ በእኔና በእናትህ መሀል ተቀምጠህ፣ ጭንቅላትህ በየጉድጓዱ እኔ ላይ እየወደቀ። ሾፌሩ አንድም ጊዜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አላየም። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ተከተለን፤ ነገሩ ሁሉ ገብቶታል። ለቅሶው ላይ ምስልህን ሲያቆሙት እናትህ እኔን አጠገባቸው፣ ከዘመድ ፊት አስቀመጡኝ። ይህች የማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። አለቀስሁ፤ በእኔ ወግ ሳይሆን በእነሱ ወግ፣ ደረቴን እየደቃሁ። እወድህ ነበር። ይህንን እናትህ አውቀው፣ የመንደራችሁ ሰው ሁሉ አውቆ፣ አንተ ብቻ ሳትሰማ መቅረትህ ያንገበግበኛል።

ልጆቹ አሁን የስብራትን አስተሳሰር የሚማሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ያስራል። ደህና ይሠራሉ። የሚታሰረው ልጅ እንዲያወራ አዝዣለሁ፤ እስኪፈታ ድረስ አፉ እንዳይዘጋ። ያንተን ሕግ ያፈረስሁት በዚህ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ለእናትህ አልነገርኋቸውም፤ ለማንም አልነገርሁም። ታዪው ኖሯል ሲሉኝ ዝም ያልሁት እውነት ስለሆነ ነው፤ ዓይኔን ሰርቄ አይህ ነበር። ትከሻህን ግን አላየሁም። ወላሂ አላየሁም። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የዚያን ቀን በምሳ ሰዓት ሁለቱንም ትከሻ በአባቴ ሜትር ለክቼ ነው የሞላሁት፤ እኩል ነበሩ። ጭድ ይረግባል፤ ይህን ለልጆቹም ለራሴም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። በቀኝ በኩልም የነበረው ግን ያው ጭድ ነው።

መጥተህ ከነበረ፣ አይተንሃል። አሁን እረፍ።

ሰልማ ሚፍታሕ
ሰቆጣ